ሚሞሪ ሲያልቅ፦ ራንታይም ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲ ቋንቋ የጀመርኳትን ትንሽ ኢንተርፕሪተር (ኮድ እያነበበች የምታስኬድ ራንታይም) የማርማት ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። የድሬ ሙቀት ይለመዳል። እኔን ያስቸገረኝ ሚሞሪ ሲያልቅ የሚመጣው ጣጣ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የማሎክን (በሲ ሚሞሪ የሚጠየቅበት ፈንክሽን) መልስ ሳያዩ ማለፍ ነው። ማሎክ ቦታ ሲያጣ ነል፣ ማለትም ባዶ አድራሻ፣ ይመልሳል። ያንን ነል ሳታዩት ኦብጀክት ውስጥ ካስቀመጣችሁት ፕሮግራሙ የሚወድቀው እዚያው ሳይሆን ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። የድሬን ደቻቱ ወንዝ ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይደለም፤ ዝናቡ ደጋ ላይ ይጥላል፣ ጎርፉ ከተማ ይገባል።

የያዛችሁትን ቦታ መጠን የሚቀይረው ሪአሎክ ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ሳይሳካለት ሲቀር ነል ይመልሳል፣ የድሮውን ቦታ ግን አይነካውም። መልሱን የድሮውን አድራሻ በያዘው ፖይንተር ላይ ከጻፋችሁት ዳታው እያለ አድራሻው ጠፋ ማለት ነው። በሌላ ፖይንተር ተቀበሉና ነል አለመሆኑን ካያችሁ በኋላ ተኩት።

ብዛትን በመጠን አባዝታችሁ ቦታ ስትጠይቁም ወሰኑን አስቀድማችሁ ፈትሹ። ብዜቱ የቁጥሩ ዓይነት ሊይዝ ከሚችለው ወሰን ካለፈ ተመልሶ ትንሽ ቁጥር ይሆናል፤ ማሎክም ትንሿን ቦታ ዝም ብሎ ይሰጣችኋል።

እኔን ሁለት ቀን የፈጀብኝ ግን ስህተቱን ለመናገር ሌላ ሚሞሪ መጠየቄ ነው። "ሚሞሪ አልቋል" የሚለውን ስትሪንግ ለመሥራት ቦታ እጠይቃለሁ፣ አይገኝም፣ ያው ስህተት ያንኑ ፈንክሽን መልሶ ይጠራል፣ እንዲህ እያለ ስታኩ (የፈንክሽን ጥሪዎች የሚደራረቡበት ሚሞሪ) ይሞላል። የሉዋ ቋንቋ ኢንተርፕሪተር ይህን መልእክት ገና ሲነሳ ሠርቶ ያስቀምጠዋል፤ ዋናው የፓይተን ኢንተርፕሪተር ሲፓይተንም ለሚሞሪ ስህተት የሚሆኑ ኦብጀክቶችን አስቀድሞ ያዘጋጃል። እኔም ከእነሱ ቀዳሁ።

ቦታ ሲጠፋ የማያስፈልጉ ኦብጀክቶችን የሚጠርገውን ጋርቤጅ ኮሌክተር አስነስቶ እንደገና መሞከር ጥሩ ዘዴ ነው። ብቻ አሁን የፈጠራችሁትን፣ ገና የትም ያላሰራችሁትን ኦብጀክት አብሮ እንዳይጠርገው ኮሌክተሩ በሚያየው የኢንተርፕሪተሩ ስታክ ላይ አኑሩት።

"ሊኑክስ ላይ ነል አይመጣም" የሚሉ አሉ። እርግጥ ሊኑክስ እንደተለመደው ከያዘው ሚሞሪ በላይ ቃል ይገባል፤ ከዚያ ሚሞሪው በእውነት ሲያልቅ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ነገር ግን በዩሊሚት (ፕሮግራም የሚጠቀመውን ሚሞሪ መገደቢያ ትእዛዝ) ጣሪያ ከተደረገበት ነሉ ይመጣል።

የመጨረሻው ስህተት አለመሞከር ነው። የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ሰዎች የሚሠሩትን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ 1ኛውን የሚሞሪ ጥያቄ ሆን ብለው ያከሽፋሉ፣ ቀጥሎ 2ኛውን፣ ከዚያ 3ኛውን፣ ሥራው ሳይሰናከል እስኪያልቅ ድረስ። የእኔዋን እንዲሁ ሞከርኳት፤ 7ኛው ላይ ወደቀች።