ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ጣሪያ ሲቀየር ፐርሚቱን እንዴት ታወጣላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ «እዚህ ደግሞ ማን ያየኛል» ይላል። ጣሪያ ላይ ይሄ አያዋጣም። ያለ ፐርሚት (ያለ ሥራ ፈቃድ) የተሠራ ጣሪያ ቤቱን ስትሸጡ ወይም የኢንሹራንስ ጥያቄ ስታቀርቡ ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ አንድም ሺንግል (ጣሪያው የሚለብሰው ቁራጭ) ሳይነቀል ወረቀቱን ጨርሱ።

መጀመሪያ ቤታችሁ በማን ሥር እንደሆነ አጣሩ። የፖስታ አድራሻው እንዳያሳስታችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አድራሻው «ማናሳስ» የሚል ቤት ሁሉ በማናሳስ ከተማ ሥር አይደለም፤ ብዙው በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ሥር ነው፣ ጉዳያችሁም እዚያ ነው ማለት ነው። የንብረት ግብር የምትከፍሉት ለማን እንደሆነ ብታዩ ፍንጭ ታገኛላችሁ።

ከዚያ የካውንቲው የሕንፃ ፈቃድ ክፍል ጋ ደውሉ። ጎረቤት የነገራችሁን አትመኑ፣ ምክንያቱም ሕጉ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ ኮዱ፣ ማለትም የሕንፃ ደንቡ፣ ለመላው ስቴት አንድ ነው፤ ሰው የማይኖርበት የእርሻ ሕንፃ ግን ከኮዱ ነፃ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከከተማ ክልል ውጭ ብዙ ካውንቲዎች ለጣሪያ ቅያሪ ፐርሚት አይጠይቁም። ባሕሩ ዳር ባሉት 14 ካውንቲዎች ግን ዊንድስቶርም ከሚባለው የቴክሳስ የኢንሹራንስ ማኅበር የንፋስ ኢንሹራንስ ለመግዛት ደብሊው ፒ አይ 8 የሚባል የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።

ስትደውሉ «ፐርሚት ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። ሺንግሉን ብቻ ብቀይርስ? ሥሩ ያለው ፕላይውድ በስብሶ ቢገኝስ? የስንት ዓመተ ምሕረቱን ኮድ ነው የምትጠቀሙት? ኢንስፔክተሩ የሚመጣው መቼ መቼ ነው? የፕላይውዷን ጥያቄ እንዳትረሱ፤ አሮጌው ሲነሳ የተበላሸ እንጨት መገኘቱ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እንጨቱ ከተነካ ሕጉ ይቀየራል። መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ካውንቲዎች የሚከተሉት ኢንተርናሽናል ሬዚደንሻል ኮድ የሚባለውን ነው። ከእሱ እነዚህን ብታውቁ ማንም አያታልላችሁም። ጣሪያው ላይ ቀድሞ ሁለት ድርብ ካለ ሦስተኛ መደረብ አይቻልም፣ መነቀል አለበት። አንዳንዱ ሠራተኛ «ከላይ እንደርብበት፣ ይረክሳል» ስለሚል ጠርዙ ላይ ሺንግሉን ቀስ አድርጎ ከፍ አስደርጋችሁ ድርቡን ቁጠሩ። በ12 ኢንች ርዝመት ቢያንስ 2 ኢንች የማይወርድ ጣሪያ ላይ የአስፋልት ሺንግል አይፈቀድም፤ ከ2 እስከ 4 ኢንች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከሺንግሉ ሥር የሚነጠፈው ንጣፍ ድርብ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ በረዶ የሚጋገርበት አካባቢ ከሆነ ውሃ የማያስገባው ንጣፍ ከጣሪያው ጠርዝ ተነስቶ የውጭውን ግድግዳ መስመር ቢያንስ 24 ኢንች ወደ ውስጥ ማለፍ አለበት። የጠርዝ ላሜራም ግዴታ ነው። ይህን ሁሉ ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቡት።

ፐርሚቱን ኮንትራክተሩ በራሱ ስም ያውጣ። «አንተ አውጣው፣ ይቀልሃል» ካለ ተጠንቀቁ። ፈቃድ የሌለው ሊሆን ይችላል፣ በስማችሁ ከወጣ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ያላችሁ የኮንትራክተሩን ፈቃድ ስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ቴክሳስ ለጣሪያ ሠሪ የስቴት ፈቃድ ስለማትሰጥ እዚያ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ጠይቁ፣ ኢንሹራንሱ ቤትም ደውላችሁ አረጋግጡ። ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ካላችሁ የእነሱ ፈቃድ ሌላ ነው፣ የካውንቲው አይተካውም።

ፐርሚቱ ከወጣ በኋላ ሥራውን አታዘግዩ፤ በኮዱ መሠረት በ180 ቀን ውስጥ ካልተጀመረ ይቃጠላል። ወረቀቱ ሥራው ቦታ ላይ ይቀመጥ። ሺንግል ከመልበሱ በፊት ንጣፉን፣ የተቀየረውን ፕላይውድና የጠርዙን ላሜራ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ አንዴ ከተሸፈነ ኢንስፔክተሩም እናንተም አታዩትም። የመጨረሻው ኢንስፔክሽን ማለፉን ካውንቲው ሲስተም ላይ ራሳችሁ እዩ፤ ቀሪውን ገንዘብ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።