በጎንደር ግቢ ውስጥ የ10 ሜትር የአማተር ራዲዮ ምሰሶ እንዴት እንደሚተከልና እንደሚጠበቅ

ጎንደር በተራራ የተከበበች ስለሆነች፣ ስለ አንቴና ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ተራራውን አሻግሮ የሚያይ ረጅም ማማ ነው። ለአጭር ሞገድ ግን አያስፈልግም። በ40 ሜትር ባንድ፣ ማለትም በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ከመሬት 10 ሜትር ላይ የተሰቀለ ሽቦ አብዛኛውን ጉልበቱን ወደ ላይ ይልካል። ሞገዱ ከአዮኖስፌር፣ ማለትም ከከባቢ አየር የላይኛው ንብርብር፣ ተመልሶ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወርዳል። ቀን ላይ ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ የሚደረሰው በዚህ መንገድ ስለሆነ ተራራው እንቅፋት አይሆንም። ያው 10 ሜትር ለ20 ሜትር ባንድ፣ ማለትም ለ14 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ የሞገዱ ግማሽ ነው፤ ለሩቅ አገር ግንኙነት ጥሩ ከፍታ ነው። ስለዚህ ገንዘብዎን ቁመት ላይ ሳይሆን መሬት ውስጥ ያውሉት፤ መሠረቱ፣ መወጠሪያውና የመብረቅ መከላከያው ላይ።

ከመቆፈርዎ በፊት ፈቃዱን ይጨርሱ። ራዲዮ ለማሰራጨት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለግንባታው የከተማውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ቤትዎ ለፋሲል ግቢ ቅርብ ከሆነ የቅርስ ጉዳይ፣ አዘዞ ከሆነ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያው ጉዳይ ስላለ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ለጎረቤትም ይንገሩ። ምን እንደሚተከል ያወቀ ጎረቤት ሲቆም ያግዛል።

ቦታ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የመብራት መስመሩን ይዩ። ምሰሶው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ከነሽቦው መስመሩን መንካት የለበትም። ቢያንስ የምሰሶው ቁመት ላይ 3 ሜትር ተጨምሮ ያለው ርቀት ይኑር። ግቢው ይህን ካልፈቀደ ምሰሶውን ያሳጥሩ፤ ወይም ይተዉት። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ በዓለም ዙሪያ አንቴና ሲያቆሙ የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይኸው መስመር ነው።

አራት መወጠሪያዎች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዳቸው ከምሰሶው እግር 7 ሜትር ይርቃሉ። ይህ 10 በ10 ሜትር የሆነ ቦታ አራት ማዕዘኖች ላይ ይውላል። በሦስትም ይቆማል፤ ነገር ግን እግሩ ላይ ባለ ማጠፊያ እየታጠፈ የሚነሣና የሚወርድ ምሰሶ ከሆነ አራት ይሻላል። ሁለቱ የጎን መወጠሪያዎች ከማጠፊያው ጋር በአንድ መስመር ላይ ከዋሉ፣ ምሰሶው ሲነሣም ሲወርድም ርዝመታቸው አይለወጥም፤ ወደ ጎን እንዳይጋደም ይይዙታል።

ለእግሩ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 80 ጥልቀት፣ ለየመወጠሪያው 50 በ50 ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ። ዋልካ አፈር ከሆነ ጠለቅ ይበሉ፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ያኔ ጥልቀት የሌለው አርማታ አብሮት ይነቃነቃል። ጥቁር ድንጋይ ካጋጠመዎት ዕድለኛ ነዎት፤ ድንጋዩን ሰርስሮ ፌሮውን በአርማታ ማሰር ይቻላል። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው። ለመወጠሪያው በያጅ ያጠፈው 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይበቃል፤ የታችኛው ጫፉ ከሌሎች ፌሮዎች ጋር ይታሰር። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ለሳምንት ውሃ ያጠጡት። የጎንደር የበጋ ፀሐይ አርማታን ከላይ ያደርቅና ውስጡን ደካማ ያደርጋል። ሙሉ ክብደት የሚጫነው ከ28 ቀን በኋላ ነው።

ምሰሶው ሁለት ባለ 6 ሜትር ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧ ነው፤ ታች ባለ 2 ኢንች፣ ላይ ባለ 1 ተኩል ኢንች። ትንሹ በትልቁ ውስጥ 1 ሜትር ተኩል ይግባ። የሚቀረውን ክፍተት በላሜራ ቁራጭ ሞልተው በሁለት ቡሎን፣ አንዱ ከሌላው ጋር መስቀለኛ ሆኖ፣ ያጥብቁት። ቁመቱ 10 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ ወደ 50 ኪሎ ይሆናል። የተበየደበትንና የተቦረቦረበትን ሁሉ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡ፤ ጋልቫናይዙ እዚያ ላይ ተቃጥሏል ወይም ተፍቋል።

የመወጠሪያ ሽቦ ገመዱ መገጣጠሚያው አጠገብና ጫፉ አካባቢ ይታሰራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርበት ይመልከቱ። ገመዱ ዞሮ ሲታሰር ሁለት ክሮች ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ አንደኛው ክብደት የሚሸከመው ረጅሙ፣ ሌላው ተቆርጦ የቀረው አጭሩ ነው። ሁለቱን ክሮች በዳዶ የሚጨብጠው የገመድ ማጣበቂያ ቀስት ብረት አጭሩን፣ ሰፊው መቀመጫው ደግሞ ረጅሙን መያዝ አለበት። ቢገለበጥ ቀስቱ የሚሸከመውን ክር ይጨፈልቀዋል። በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ማጣበቂያ ያድርጉ፤ ምሰሶው ከቆመ ከጥቂት ቀን በኋላም ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ ገመዱ ሲወጠር ስለሚቀጥን ይላላሉ።

የአንቴና ሽቦውን ርዝመት ለማግኘት 143ን በሜጋኸርዝ ያካፍሉ። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ በየጎኑ 10 ሜትር ከ7። ለ14.15 ደግሞ በየጎኑ 5 ሜትር ከ5 ነው። ጥቂት አስረዝመው ይቁረጡ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ መቀጠል ግን ያስቸግራል። የሽቦው መሃል ምሰሶው ጫፍ ላይ ይሰቀል፣ ክንፎቹ በመወጠሪያዎቹ መካከል ወደታች ይውረዱ። የክንፎቹ ጫፍ ሲያሰራጩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚኖርበት ከ3 ሜትር በታች አይዋል። ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚሄደው ኬብል 50 ኦም ይሁን፤ መጋጠሚያውን ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይጠቅልሉ።

ለማንሣት ስድስት ሰው ይጥሩ፣ ንፋስ የሌለበት ጠዋት ይምረጡ። 4 ሜትር የሚሆን ጠንካራ የባህር ዛፍ እንጨት በምሰሶው እግር ላይ ቀጥ አድርገው ያስሩ፤ የፊቱ መወጠሪያ በእንጨቱ ጫፍ ላይ አልፎ ይጎተታል። ሁለት ሰው የኋላውን መወጠሪያ ይዘው በቀስታ ይልቀቁ፤ ከምሰሶው ሥር ማንም አይቁም። ከቆመ በኋላ በቱንቢ ከሁለት አቅጣጫ ያስተካክሉ።

ከዚያ SWR የሚባለውን፣ ከአንቴናው ምን ያህል ሞገድ ወደ ሬዲዮው እንደሚመለስ የሚያሳየውን ቁጥር ይለኩ። ከ1.5 በታች ጥሩ ነው። ዝቅተኛው ልኬት ከሚፈልጉት ፍሪኩዌንሲ በታች ከወጣ ሽቦው ረዝሟል፤ በ40 ሜትር ባንድ ከየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር መቁረጥ 70 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ ያደርገዋል።

ለመብረቅ ምሰሶውን በወፍራም መዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከገባ ዘንግ ጋር ያገናኙ፤ ይህንንም ከቤቱ የመሬት መስመር ጋር ያያይዙ። ድንጋያማ ቦታ ላይ ዘንግ አልገባ ካለ፣ ጉድብ ቆፍረው ራቁት መዳብ ሽቦ ቀብረው ያስተኙ። ይህ ሁሉ ቢኖርም በሐምሌና በነሐሴ ሬዲዮውን በማይጠቀሙበት ጊዜ ኬብሉን ነቅለው ጫፉን ከቤት ውጭ ያኑሩት።

ጥገናው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በግንቦት ዝናቡ ሳይገባ፣ በጥቅምትም ዝናቡ ሲወጣ። ምሰሶውን ማጠፊያው ላይ አውርደው ቡሎኑን፣ ማጣበቂያውን፣ የኬብሉን መጋጠሚያ ይዩ። ዋልካ ላይ ከተከሉ በበጋው መካከልም መወጠሪያዎቹን ይንኩ፤ መሬቱ ሲሰነጠቅ አንዱ ይላላል። ክሩ የተበጠሰ ወይም በዝገት የቀላ ገመድ ካዩ አይጠግኑት፤ ሙሉውን ይለውጡ። አርማታው ላይ ስንጥቅ ካለ ውሃ እየገባ ፌሮውን ሳያዝገው በሲሚንቶ ድፍን ያድርጉት፤ በሚቀጥለው ምርመራ ስንጥቁ እንደገና ከተከፈተ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ምሰሶውን አውርደው ያንን ጉድጓድ አስፍተው እንደ አዲስ ይሙሉት።