ትልቁ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ፦ የአንድ መደብር ትዝታ እንዴት ይሰበሰባል?

አዳማ፣ እኛ ሰፈር "ትልቁ ሱቅ" ከተባለ ሌላ ሱቅ የሚያስብ ሰው የለም። ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከመርፌ እስከ ብርድ ልብስ ሁሉን የያዘ ባለ ፎቅ መደብር ነበር። አሁን ተዘግቷል። ቤተሰቡ ስማቸው እንዲነሳ ስላልፈለጉ እኔም አልጠራውም። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስለዚህ ልጅነቴ ግማሹ ያለፈው እዚያ ባንኮኒ ሥር ነው።

ከተዘጋ ወዲህ ትዝታውን ከሰፈሩ ሰው እየሰበሰብኩ ነው። እናንተም ከተማ እንዲህ ያለ ሱቅ አይጠፋም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሞልቷል። እናቶቻችን ለመስከረም የተማሪ ጨርቅ የት እንዳስለኩ የሚጽፍልን ግን አላየሁም። እኛው እንጻፈው። እስካሁን የሠራልኝን መንገድ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ጻፉ

ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት እናንተ የምታስታውሱትን በወረቀት አስፍሩ። የሌላ ሰው ወሬ ከሰማችሁ በኋላ የራሳችሁና የእሱ ይደባለቃል። ከዚያ መለየት ከባድ ነው። ለማሳመር አትጨነቁ። ከበሩ ጀምሩና ወደ ውስጥ ግቡ። ምን አያችሁ? ምን ሸተታችሁ? ማን "እንደምን ዋላችሁ" አላችሁ?

የኔ ይኼን ይመስላል። ከበሩ በስተቀኝ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ተትረን፣ የዩኒፎርም ጨርቅ በጥቅል በጥቅሉ ተደርድሯል። ሻጩ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ዱብ ዱብ እያደረገ ይተረትረዋል። በእንጨት ሜትር ይለካል። አቡጀዲ ከሆነ ጫፉን በመቀስ ነካ ያደርገውና በሁለት እጁ ጭርር አድርጎ ይቀደዋል። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለእናቴ ሁልጊዜ ከሜትሩ ትንሽ አለፍ አድርጎ ነበር የሚቆርጥላት። በስተግራ ክር፣ አዝራርና ዚፕ። አዝራሩ በካርቶን ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ፊት ላይ ናሙናው ተሰፍቷል። ወደ ውስጥ ሲገባ ጫማ። ፎቅ ላይ ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ፣ ፔርሙዝ፣ ሬዲዮ። ፎቁ ላይ ልጅ ብቻውን አይወጣም።

እቃ መርጣችሁ ወዲያው አትወስዱም። ሻጩ በትንሽ ወረቀት ይጽፍላችኋል። ወረቀቱን ይዛችሁ በመስታወት ውስጥ ወደተቀመጡት ገንዘብ ተቀባይ ትሄዳላችሁ። ከፍላችሁ፣ ማኅተም ተመቶበት ትመለሳላችሁ። እስከዚያ እቃው በቡኒ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ ይጠብቃችኋል። እናቴ ሲባጎውን አትጥለውም ነበር። ወረቀቱም ደብተር ይሸፈንበታል። እንዲህ ያለው ነገር ተራ ይመስላል፤ ግን አንድ ከተማ እንዴት ይገበያይ እንደነበር የሚናገረው እሱ ነው። ሂደቱን አንድ በአንድ ጻፉት።

ስለ ሱቁ ሳይሆን ስለ እቃው ጠይቁ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይኼን ያዙልኝ። አንዲት እናት ዘንድ ሄዳችሁ "ስለ ሱቁ ምን ትዝ ይልዎታል?" ካላችሁ፣ "ኧረ ጥሩ ሱቅ ነበር ልጄ" ይላሉ። በቃ። ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። "የሰርግዎን ብርድ ልብስ ከየት ገዙ?" ብትሉ ግን ሌላ ነው። ማን አብሯቸው እንደሄደ፣ ስንት እንደተከራከሩ፣ ባልየው ደጅ ቆመው እንዴት እንደጠበቁ ይመጣል። አንዳንዴ ብርድ ልብሱ ራሱ ከቁም ሳጥን ይወጣል፤ የደብረ ብርሃን ነው፣ ዛሬም ያሞቃል።

ስለዚህ በቤቱ ካለው ነገር ተነሱ። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ከየት መጣ? የመጀመሪያ ልጅዎ ትምህርት ቤት ሲገባ ጫማውን የት ገዙለት? የልብስ ስፌት መኪናዋ መርፌ ሲሰበር ማን ዘንድ ይላኩ ነበር? ለለቅሶ ጥቁር ጨርቅ በድንገት ሲያስፈልግ፣ ሱቁ ተዘግቶ ቢሆን ማን ቤት ይንኳኳል? ይኼ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያናግራል። ባለቤቱ ሌሊት ተነስተው ከፍተው የሰጧቸው ሰዎች አሉ።

ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠሩ ሰዎች በአካባቢያችሁ ካሉ አትለፏቸው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደሞዝ የተቀበለ ሠራተኛ አዳማ ወጥቶ ይገበያል። እኛ ሰፈር የሱቁ ሻጮች የደሞዝ ሰሞንን ከበዓል እኩል ነው የሚያስታውሱት።

ሰው ቤት ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ቡና ወይም ስኳር ይበቃል። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ይሁን። ትልቅ ሰው ከሆኑ "እርስዎ" ብላችሁ፣ "ጋሼ"ም "እትዬ"ም ብላችሁ ጀምሩ። ስልካችሁ ላይ ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ከፈቀዱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉትና እርሱት። የኛ ከተማ ሰው ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራጊኛ እያቀላቀለ ነው የሚያወራው። በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ። የልጅ ልጅ ካለ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ በኋላ ይተረጉምላችኋል። እሱም ስለ አያቱ ያላወቀውን ይሰማል።

ሠራተኞቹን ፈልጉ

ደንበኛ የሚያውቀው ከባንኮኒው ወዲህ ያለውን ነው። ሻጮችን፣ የሂሳብ ሠራተኛውን፣ ዘበኛውን፣ እቃ ያወርዱ የነበሩትን፣ ጋሪ ነጂዎችን ሳይቀር ፈልጉ። አዳማ በባጃጅ ሳትሞላ እቃ በጋሪ ነበር የሚመላለሰው። ከዘበኛው ብዙ ይገኛል። በር የከፈተውም የዘጋውም እሱ ነው። ዓመታዊው ቆጠራ ሐምሌ መግቢያ ላይ ሲደረግ ማን እንዳደረ፣ ምን እንደተበላ ያውቃል።

ባቡሩንም አንሱባቸው። ከጅቡቲ የሚመጣው የድሮው ባቡር መስመር አዳማን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከተማችን ያደገችው በዚያ ሐዲድ ዙሪያ ነው። የትኛው እቃ በባቡር፣ የትኛው በመኪና እንደመጣ፣ ሣጥኑ ሲከፈት ምን ምን እንደሚል የሚነግሯችሁ እቃ ያወረዱት ሰዎች ናቸው።

አንድ ወረቀት፣ ብዙ ሽማግሌ

የሱቁን ወለል በትልቅ ወረቀት ላይ ሣሉ። ሥዕል መቻል አያስፈልግም። በሩን፣ ደረጃውንና ባንኮኒውን ብቻ አስምሩ። ከዚያ የሚያውቁትን ሰዎች አንድ ላይ አስቀምጡና ወረቀቱን መሐላቸው ዘርጉት። ቡና ይፈላ። አንዱ "ጫማው እዚህ ነበር" ይላል። ሌላዋ "የለም፣ እሱ ቤቱ ከታደሰ በኋላ ነው" ትላለች። ይኼን ክርክር አታቋርጡ። ሱቁ መቼ እንደተለወጠ የምታውቁት ከዚሁ ክርክር ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ ማን እንዳለውም ጻፉ። አሸናፊ አትምረጡ።

ዘመኑን ለማወቅ

ሰው ዓመተ ምሕረት አያስታውስም። "ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሁለተኛ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?" በሉ። ወረቀት ከተገኘ ደግሞ እሱ ራሱ ይናገራል። ደረሰኙ ላይ ቫት ካለ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የሱቁ ስልክ ቁጥር እንደዛሬው ረዥም ከሆነ ከ1998 ዓ.ም. መግቢያ በኋላ የታተመ ነው፤ ቁጥሮች የተለወጡት ያኔ ነው። ፎቶ ላይ ብር ከታየ እሱንም አጉልታችሁ እዩት። የንጉሡ ምስል ያለበት ብር በ1969 ዓ.ም. ነው በአዲስ የተተካው። ናዝሬት የሚል ማኅተም ግን ብቻውን ዘመን አይቆጥርም። ዛሬም ናዝሬት የሚል ሰው ብዙ ነው።

የውጭ እቃ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አለፍ ብሎ ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ቀንሱ። የትኛውን አቆጣጠር እንደጻፋችሁ አጠገቡ ምልክት አድርጉ።

ዋጋ ሲነግሯችሁ ብቻውን አትጻፉት። "ያኔ ደሞዝዎ ስንት ነበር?" በሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው አንድ ጫማ ምን ያህል ከባድ ወጪ እንደነበር የሚገባን።

ስለ ደርግ ዘመን ስትጠይቁ ቀስ በሉ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙ ነጋዴ ቤቱን አጥቷል። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በራሽን የተሰለፈበትን ጊዜ አንዳንዱ እየሳቀ ያወራዋል፤ ለአንዳንዱ ግን ቁስሉ አልደረቀም። ዝም ካሉ እናንተም ዝም በሉ። ሌላ ቀን ራሳቸው ያነሱታል።

ወረቀትና ፎቶ

ኦሪጅናሉን ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያው ቤት በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ አንሱት። ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ ወረቀት አያስቀምጥም። ጀርባውንም አንሱ፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው እዚያ ነው። አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ፣ ከነገጹ አንሱት። የማሽን ደረሰኝ ካገኛችሁ ለነገ አትበሉ፤ ጽሑፉ በሙቀት ይጠፋል። በእጅ የተጻፈው የድሮው ይሻላል። ቤተሰቡ እንዲያስቀምጠው በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ አድርጉለት።

በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል፤ የማኅተሙም ጽሑፍ አይነበብም። ፋይሉን "የማን፣ የት፣ መቼ" ብላችሁ ሰይሙት። አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ቤተሰብ፣ አንድ እናንተ ዘንድ በፍላሽ፣ አንድ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ተደራጅቶ ሲያልቅ ወመዘክር፣ ማለትም የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ይዛችሁ ብትሄዱም ተገቢ ነው። የሱቅ ወረቀትም የአገር ወረቀት ነው።

የዱቤ መዝገብ

ይኼን ለብቻው ላንሳው፣ በጣም ስለማስብበት። ትልቁ ሱቅ ለሚያውቀው ሰው በዱቤ ይሰጥ ነበር። መዝገቡ ዛሬም አለ። ማን ስንት እንደወሰደ፣ ማን ሳይከፍል እንደቆየ፣ ማን በልጁ ሞት ጊዜ ከፈን በዱቤ እንደወሰደ ተጽፏል። የሰው ገመና ነው። ሽፋኑን አንሱ፣ ውስጡን ተዉት። ቤተሰቡ ቢፈቅዱ እንኳ የሌላውን ሰው ስም ይፋ የማድረግ መብት የእነሱም የእናንተም አይደለም። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ራሱ መጥቶ "እኔን ያለበሱኝ እሳቸው ናቸው" ካለ፣ ያ የእሱ ታሪክ ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ ያሉ መጥተዋል። እየተሽቀዳደሙ ነው የሚናገሩት። የእነሱን በስማቸው፣ በፈቃዳቸው ጽፌዋለሁ።

አልበም ስታገላብጡ

ሱቁን ብሎ ፎቶ ያነሳ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሱቁ የሚገኘው ከሰው ጀርባ ነው። የሰርግ መኪና ሲያልፍ፣ ታቦት ሲሸኝ፣ ተመራቂ ጋውን ለብሶ አስፋልት ላይ ሲቆም የተነሳውን እዩ። ፊቶቹን ተዉና ከኋላ ያለውን ግድግዳ፣ መስኮትና ታፔላ አጉሉ። እስካሁን የትልቁ ሱቅ ታፔላ ሙሉ ሆኖ የሚታይበት ፎቶ አላገኘሁም። ግማሹ አለ፤ በአንድ ሙሽራ ጃንጥላ ተሸፍኖ። አዳማ የኖራችሁ፣ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ በባቡር ጣቢያው አካባቢ የተነሳ የድሮ ፎቶ ካላችሁ አንድ ጊዜ ከኋላው ያለውን አይታችሁ ላኩልኝ።