ድንገተኛ የሆድ ሕመም፦ ተረኛ ሐኪም ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ በፊት የዋይዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ወረቀት። ከባቢሌም ሆነ ከፈዲስ ተልኮ ሐረር የሚደርስ የሆድ ሕመምተኛ ደጋግሞ ይዟት የሚመጣው ያቺን ብጣሽ ነው፤ «ኦ 1፡160፣ ኤች 1፡160» ተብሎ ተጽፎባታል። ታይፎይድ ነው ተብሎ አራት ቀን ሲፕሮ የተባለ አንቲባዮቲክ ውጧል። ትርፍ አንጀቱ ግን በመሃል ፈንድቶ መግል ሆዱን ሞልቶታል። በአንድ ሰዓት ቀዶ ጥገና የሚያልቅ ነገር ለሳምንታት አልጋ፣ ለቁስል መመረዝ፣ አንዳንዴም ለሞት ሲዳርግ ማየት ያንገበግባል፤ ምክንያቱም ሆዱን የነካው ሰው አልነበረም።

ዋይዳል የሚለካው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ተህዋስን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰውም ይኖረዋል፤ ከዚህ በፊት የታመመም፣ ሌላ ትኩሳት የያዘውም እንዲሁ። አንዴ ተሠርቶ የወጣ ቁጥር ምርመራን አይወስንም። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ተደግሞ አራት እጥፍ ካደገ ነው የሚያስረዳን፤ ዋናው ማረጋገጫ ደግሞ የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም ማብቀል) ነው። እስከዚያው ግን በሽተኛውን ቅደም ተከተሉን ጠይቁት፦ የቀደመው ትኩሳቱ ነው ወይስ ሕመሙ? በታይፎይድ ትኩሳቱ በቀናት ይቀድማል፤ አንጀት የሚበሳውም አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ትርፍ አንጀት ሲሆን ሕመሙ እምብርት ዙሪያ ይጀምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል፣ ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል፤ ትኩሳቱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ካልፈነዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ38.5 አያልፍም። ዳሌ ውስጥ የወረደ ትርፍ አንጀት ያስቀምጣል፣ ሽንትም ያቃጥላል። ሽንቱ ላይ ጥቂት ነጭ የደም ሕዋስ ስለታየ ብቻ «የሽንት ቧንቧ ነው» ብላችሁ እንዳትሸኙት።

የድሬዳዋ ተረኞች ወባና ዴንጊም (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ትኩሳት) ይጨመርባቸዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2022 ደግሞ ወባ በከተማዋ ተቀስቅሰው ነበር። ዴንጊ ራሱ ብርቱ የሆድ ሕመም ያመጣል፤ ትኩሳቱ ከቀደመ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ሳታዩ ወደ ቀዶ ጥገና አትሩጡ፣ ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻም አትውጉ። በተቃራኒው የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ነው ብላችሁ ሆዱ የደረቀ (ሲነካ እንደ ሰሌዳ የጠነከረ) ሰው ለወባ ብቻ አታስተኙ። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ።

እዚህ አካባቢ ስለ ጫት ሳይጠይቅ ታሪክ ወሰድኩ የሚል ተሳስቷል። ከበርጫ (ከጫት መቃሚያ) የተነሳ ሰው ምግብ አያሰኘውም፤ ስለዚህ የምግብ መዘጋቱን ለምርመራችሁ ማስረጃ አታድርጉት። የልቡ ምትና የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። ሆኖም 115 የሆነ የልብ ምት አይታችሁ «ጫቱ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ ፈሳሽ ስጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሙት። ጫት የጨጓራን መራገፍ ስለሚያዘገይ መቼ እንደቃመ ለማደንዘዣ ባለሙያው መንገር አለባችሁ። የጾመ የመሰለው ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ያስመለሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

አመራመሩ ላይ የሚታየው ችኮላም ብዙ ያስከፍላል። እጃችሁን አሙቁ፣ በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ይጠፍ። በመጀመሪያ አስሉት፤ ከዚያ በጣም የሚያመውን ቦታ በአንድ ጣት ያሳያችሁ። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚያስተረጉም እስኪገኝ ይህ ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል። ካላመመው ጎን ጀምሩ፣ በቀስታ ንኩ፣ ዓይናችሁ ፊቱ ላይ ይሁን። ሽርጡም ሆነ ቀሚሱ እስከ ጭን ካልተገለጠ ምርመራው አልተጠናቀቀም። ሲያስመልሳቸውና ሆዳቸው ሲነፋ የሰነበቱ እናት ብሽሽታቸው ላይ 2 ሴንቲሜትር የምትሆን የታነቀች ሄርኒያ (በቀዳዳ ወጥቶ የተያዘ አንጀት) ልትኖር ትችላለች፤ እሳቸው አፍረው አይናገሩም። ወጣት ወንድ ታችኛ ሆዴን አመመኝ ካለ የዘር ፍሬውን እዩ። ከተጠማዘዘ ለማዳን ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ገደማ ነው።

በመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ሁሉ የእርግዝና ምርመራ ይሠራ፤ «አላገባችም» መልስ አይሆንም። የደም ስኳርም ለሁሉም ይታይ።

ማስታገሻ ምልክት ይደብቃል የሚለው ፍርሃት ጊዜው አልፏል። ሞርፊን ካለ 0.1 ሚሊግራም በኪሎ በጥቂት በጥቂቱ በደም ሥር ስጡ፣ ሰዓቱን ካርዱ ላይ ጻፉ። የደረቀ ሆድ በማስታገሻ አይለሰልስም፤ እንዲያውም ሰውየው ሲረጋጋ በደንብ ትመረምሩታላችሁ።

የተበሳ ጨጓራ ስትጠረጥሩ በሽተኛውን 10 ደቂቃ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡና የደረት ራጅ አስነሱ። መቀመጥ ካልቻለ በግራ ጎኑ ተኝቶ ይነሳ። ከዲያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) ሥር አየር አለመታየቱ ነፃ አያወጣውም፤ ከአምስት የተበሳባቸው ሰዎች ቢያንስ በአንዱ አይታይም። ቀዳዳው በኦመንተም (በሆድ ውስጥ ባለው የሞራ ሽፋን) ከተለጠፈ በኋላም የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ቁስል የሚያመጣ ባክቴሪያ) ሕክምና ሳይሰጥ የሚወጣ ሰው መልሶ ሊበሳበት ይችላል።

የሲግሞይድ (የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ጥምዝ ክፍል) መጠማዘዝ ራጁ ላይ እንደ ቡና ፍሬ ተከፍሎ ያበጠ አንጀት ሆኖ ይታያል። ሆዱ ካልደረቀና ትኩሳት ከሌለ በሲግሞይዶስኮፕ (በፊንጢጣ በሚገባ መመልከቻ) ቱቦ አስገብቶ ማስተንፈስ ይቻላል። ስታስገቡ የጠቆረ ግድግዳ ወይም ደም ካያችሁ ግን እዚያው አቁሙና ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ውሰዱት። በቱቦ የተነፈሰውንም «ተሻለው» ብላችሁ አትሸኙ፤ አብዛኞቹ ተመልሰው ይጠማዘዝባቸዋል። ሰውነቱ ከፈቀደ በዚሁ መኝታው ሲግሞይዱ ይውጣለት።

በሪፈር ስትልኩ ሁለት ወፍራም የደም ሥር መስመር፣ የሽንት ካቴተር (የሽንት ቱቦ) እና በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ ይኑረው። 60 ኪሎ የሆነ ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊሊትር መሽናት አለበት፤ ያነሰ ከሆነ ፈሳሹ ይጨመር። ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉት አንቲባዮቲኮች ከመነሳቱ በፊት ይጀመሩ፣ ሰዓታቸው ይጻፍ። የአፍንጫ ቱቦውን ጫፍ ቋጥራችሁ አትላኩ፤ ከጅግጅጋ እስከ ሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቱቦው ክፍት ሆኖ ከረጢቱ ከሆዱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል።