ወደ ውስጥ በሳሙና አትታጠቡ

እህቶቼ፣ ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ የወር አበባ ሲያበቃ ብልትን ወደ ውስጥ በሳሙና ወይም በሎሚ መታጠብ ይቅርባችሁ። እዚያ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እርጎን የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲድ እያመነጩ ጎጂ ተህዋስያንን ይከላከላሉ። እነሱ ሲመናመኑ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ ከሰውነት ቶሎ እንደማይጠፋ በጥናት ታይቷል። (መታጠቡ ብቻውን ካንሰር ያመጣል ማለቴ አይደለም፤ ዋናው መንስኤ ቫይረሱ ነው።) ከውጭ በኩል ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ወይባ መሞቅም ለገላ እንጂ ለውስጥ ማጽጃ አይሆንም። ሽታው የተለወጠ ግራጫማ ፈሳሽ ካያችሁ ወይም ከግንኙነት በኋላ ከደማችሁ በሽቶ አትሸፍኑት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነማ ምንም ሳያማችሁም የማህፀን በር ምርመራ ጠይቁ።