ከቅጣት ውሳኔ በፊት ያሉት ሳምንታት፦ በአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ቤተሰብ የተዘጋጀ መመሪያ

በአሜሪካ ፌደራል ፍርድ ቤቶች ተመሳሳይ ጥፋት ያጠፉ ሰዎች እንደየዘራቸው የተለያየ ቅጣት እንደሚቀበሉ የሚናገሩት የመብት ተሟጋቾች ብቻ አይደሉም። የመንግሥት አካል የሆነው የፌደራል የቅጣት ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2017 እስከ 2021 ባሉት የበጀት ዓመታት የተሰጡ ውሳኔዎችን መርምሮና ሊለኩ የሚችሉ ሌሎች ሁኔታዎችን አመሳስሎ፣ ጥቁር ወንዶች ከነጭ ወንዶች በአማካይ 13.4 በመቶ የረዘመ ቅጣት እንደተወሰነባቸው አስፍሯል። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለቤተሰብ የሚጠቅመው ግን ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ያለው ዝርዝር ነው። ወደ እስር ቤት የተላኩት ብቻ ተለይተው ሲታዩ ልዩነቱ ወደ 4.7 በመቶ ይወርዳል፤ በአንጻሩ ጥቁር ወንዶች ሳይታሰሩ በፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ ሆኖ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር በመቆየት) የመታለፍ ዕድላቸው ከነጮቹ በ23.4 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ሰፊው ክፍተት ያለው «ስንት ዓመት ይታሰር?» በሚለው ላይ ሳይሆን «መታሰርስ አለበት ወይ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ በአመዛኙ የሚመለሰው ዳኛው ችሎት ከመሰየማቸው በፊት በተሰበሰቡ ወረቀቶች ስለሆነ፣ ቤተሰብ ጉልበቱን ማዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው። የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ከፌደራሉ ይለያል፤ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ከጠበቃው ጋር ለመነጋገሪያ እንጂ የጠበቃውን ምክር ለመተካት አይደለም።

በመጀመሪያ የፌደራል ቅጣት የሚሰላበትን ሠንጠረዥ ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ያወጣውን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የፌደራሉ መመሪያ ወደ ታች 43 የወንጀል ክብደት ደረጃዎች፣ ወደ ጎን ደግሞ 6 የቀድሞ ጥፋት መደቦች አሉት፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን የቅጣቱን መነሻና መድረሻ በወራት ያሳያል። ከ2005 ጀምሮ ዳኞች በሳጥኑ የመገዛት ግዴታ ባይኖርባቸውም ስሌታቸውን የሚጀምሩት ከዚያው ነው። ልዩነቱ አንዳንዴ የሚገባው በደረጃዎቹ በኩል ነው፤ በ1986 የወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ (የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት) የሸጠውን 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን ከሸጠው ጋር እኩል ቢያንስ 5 ዓመት ያስቀጣ ነበር፤ በክራክ የሚከሰሱት ደግሞ በብዛት ጥቁሮች ነበሩ። በ2010 ምጣኔው ከ100 ለ1 ወደ 18 ለ1 ዝቅ ቢልም አልጠፋም።

በቀድሞ ጥፋት በኩል የሚገባው ግን ይበልጥ ድምፅ የለሽ ነው፤ የድህነትም እጅ አለበት። አንድ ሹፌር የትራፊክ መቀጫውን መክፈል አቅቶት መንጃ ፈቃዱ ይታገድበታል እንበል። ሥራ መተው ስለማይችል ታግዶ ሳለ ሲነዳ ይያዛል፣ ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ ስለሌለውም ተቻኩሎ ጥፋቱን ያምንና 30 ቀን ይታሰራል። እንዲህ ያለው ጥፋት በፌደራሉ መመሪያ ነጥብ (የቀድሞ ጥፋት መደቡን የሚወስነውን) የሚያስቆጥረው በጥቅሉ 30 ቀንና ከዚያ በላይ እስራት ወይም ከአንድ ዓመት የበለጠ ፕሮቤሽን ካስከተለ ነው። መቀጫውን ከፍሎ የተገላገለው ጎረቤቱ ነጥብ የለበትም። ስለዚህ ቤተሰቡ የእያንዳንዱን የቀድሞ ጉዳይ የውሳኔ ግልባጭ ከየፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት አውጥቶ ለጠበቃው ማስረከብ አለበት። ከኅዳር 2023 ወዲህ ምንም ነጥብ የሌለበት ሰው፣ ከተዘረዘሩት ከባድ ወንጀሎች ውጭ ከሆነ፣ ሁለት ደረጃ ስለሚቀነስለት ያ አንድ ነጥብ ብዙ ወራት ሊያወጣ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው፣ የፕሮቤሽን መኮንኑ የሚያዘጋጀው የቅድመ ቅጣት ሪፖርት ነው። መኮንኑ ጥፋተኛውን ያነጋግራል፣ ከቤተሰቡ ያጣራል፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጤናውና ስለ ገንዘቡ ይጽፋል። ጠበቃው በቃለ መጠይቁ ላይ መገኘት ስለሚችል ይህ እንዳይቀር ሊጠየቅ ይገባል፤ እንግሊዝኛው «ለሥራ ይበቃኛል» የሚል ሰውም ቢሆን አስተርጓሚ እንዲኖረው ቢጠይቅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ስለ ልጅነት፣ ስለ ስደት መንገድና ስለ ሐዘን ማውራት ከደንበኛ ዋጋ ከመቀበል የተለየ ቋንቋ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚጎዱ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የአባት ስም በአንዱ ሰነድ እንደ ቤተሰብ ስም፣ በሌላው እንደ መካከለኛ ስም ተጽፎ፣ የአያት ስም ደግሞ በሦስተኛው ሲጨመር፣ ባዕድ አንባቢ ሰውየው በሐሰት ስሞች ሲንቀሳቀስ የኖረ ሊመስለው ይችላል። የልደት ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሳይቀየር ከቀረ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። በባንክ ሒሳብ ውስጥ ድንገት የገባ ብዙ ሺህ ዶላር ዕቁብ እንደደረሰው የሚያሳይ ሊሆን ሲችል፣ ማብራሪያ ካልቀረበበት ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ሆኖ ይቀራል፤ የዕቁቡ ሰብሳቢና አባላት መቼና ስንት እንደተከፈለ በጽሑፍ ቢያረጋግጡ ጥርጣሬው ይነሳል። የሪፖርቱ ረቂቅ ቢያንስ ከውሳኔው ቀን 35 ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ መቃወሚያ የሚቀርበው ደግሞ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ሪፖርቱ ሚስጥራዊ ስለሆነ የሚነበበው በጠበቃው በኩል ነው፤ ጥፋተኛው ግን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እንዲተረጎምለት መጠየቅ አለበት።

ዋስትና ተከልክሎ የቆየ ሰው ሥራውንና ቤቱን አጥቶ ስለሚቀርብ ለፕሮቤሽን የሚያበቃው ማስረጃ ያንሰዋል። ይህን ክፍተት ቤተሰብ ሊሞላው ይችላል፦ ሲወጣ የሚቀጥረው ድርጅት ደብዳቤ፣ የሚያርፍበት ቤት አድራሻና የቤቱ ባለቤት ፈቃድ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነም የተያዘ ቀጠሮ።

የድጋፍ ደብዳቤዎችን በተመለከተ «ጨዋና ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ነው» የሚለው ዳኞች አንብበው የጠገቡት ነው። «እናቱን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልሳት እሱ ነው፤ እኔ የማታ ሥራ ስላለኝ ልተካው አልቻልኩም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከዕድርና ከሰበካ ጉባኤ ማኅተም ይበልጣል። ጥፋቱን ላመነ ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ «አላጠፋም» ማለት የለበትም፤ ኃላፊነት መቀበል በመመሪያው ቢያንስ ሁለት ደረጃ ስለሚያስቀንስ፣ ዘመድ በቅንነት የጻፈው ክርክር የጥፋተኛውን ቃል ሊያጠራጥርበት ይችላል። ደብዳቤው ለዳኛው በቀጥታ ሳይላክ ለጠበቃው ይሰጥ።

ስለ ልዩነቱ ራሱ መከራከር የሚፈልግ ቤተሰብ የአጠቃላይ ስታቲስቲክስ ወሰን እንዳለው ማወቅ ይኖርበታል። በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ነጭ የገደለ ሰው ሞት የሚፈረድበት ጥቁር ከገደለው በላቀ መጠን መሆኑን የሚያሳይ ጥናት ቀርቦለት፣ በዚያ ጉዳይ መድልዎ እንደተፈጸመ አያረጋግጥም ሲል 5 ለ4 ወስኗል። ካሊፎርኒያ በ2020 ባወጣችው ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ በር ከፍታለች፤ በፌደራል ደረጃ ግን የሚሻለው መንገድ ሕጉ ራሱ ዳኞች ተገቢ ያልሆነ የቅጣት ልዩነትን እንዲያስወግዱ የሚያዘውን ድንጋጌ መጥቀስ ነው። ኮሚሽኑ ከ2021 ጀምሮ በድረ ገጹ ለሁሉም የከፈተው መፈለጊያ በአንድ ሳጥን ውስጥ የወደቁ ሰዎች ምን ያህል እንደተቀጡ ያሳያል። አማካዩ የሚሰላው ከታሰሩት ብቻ ስለሆነ ግን ጠበቃው ፕሮቤሽን የተሰጣቸውን ድርሻ ለብቻው እንዲያወጣ ሊጠየቅ ይገባል፤ ልዩነቱ የተደበቀው እዚያ ነውና።

ዜግነት ያልያዘን ሰው ደግሞ የአንድ ቀን ልዩነት ያስፈራዋል። በስርቆት ወይም በኃይል ወንጀል አንድ ዓመት የተፈረደበት፣ ቅጣቱ ቢገደብለትም እንኳ፣ ለመባረር ሊዳረግ ሲችል 364 ቀን የተፈረደበት ከዚያ አንቀጽ ሊያመልጥ ይችላል። ጠበቃ ይህን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት በ2010 ስለተወሰነ፣ ጥያቄው ጥፋቱን ከማመን በፊት ቢነሳ ይመረጣል።

ውሳኔው ከተመዘገበ በኋላ ይግባኝ የመጠየቂያው ጊዜ 14 ቀን ብቻ ነው፤ በስምምነት ጥፋቱን ያመነ ሰው ይግባኙን በፊርማው ትቶ እንደሆነ ወረቀቱ መታየት አለበት። የቅድመ ቅጣት ሪፖርቱም በዚያ ቀን ዋጋው አያበቃም፤ የፌደራል እስር ቤቶች አስተዳደር እስረኛውን የት እንደሚመድበው ሲወስን የሚያነበው ያንኑ ስለሆነ፣ ያልታረመ ስምና የተሳሳተ ዕድሜ አብሮት ይገባል።