ኢንክሉድ ላይ የሚያሸውዱን ነገሮች

አራት ኪሎ፣ አንዲት ጠባብ ካፌ። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ አንድ የአምስት ኪሎ ተማሪ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው። «ጋሼ፣ ዶርም በጓደኛዬ ኮምፒውተር ሠርቶ ነበር። እዚህ እምቢ አለ።» የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ነው። ኤረሩ አንድ መስመር ነው፤ ኢንክሉዱ (ሌላ ፋይል ወደ ኮዱ የሚጠራው ትእዛዝ) የጠራው ፋይል የለም ይላል። ፋይሉ ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ለፊደል መጠን አለመጠንቀቅ። ፋይሉን ሲሰይም በትልቁ «ኤስ» ጀምሯል፣ ኢንክሉዱ ላይ ትንሿን ጽፏል። የጓደኛው ዊንዶውስ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ የሱ ሊኑክስ አያልፍም። ከ«ሲ ድራይቭ» ጀምሮ ሙሉ አድራሻ መጻፍም ያው ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ አይሠራም።

የድሮ ሃንድአውት ማመን። ፎቶ ኮፒ ተደርገው የሚዞሩ ኖቶች አሁንም «አይኦስትሪም ዶት ኤች» ይላሉ። ተርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የድሮ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ዘመን ቅርስ ነው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ስታንዳርድ ወዲህ «ዶት ኤች» የለውም።

የራስን ሄደር (በኢንክሉድ የሚጠራ ፋይል) በ< > መጥራት። በ" " ከጠራችሁት ፍለጋው ጠሪው ፋይል ካለበት ፎልደር ይጀምራል። በ< > ከሆነ የሚሄደው ወደ ሲስተሙ ሄደሮች ነው።

መጨረሻው ላይ ሴሚኮለን አይገባም። በቃ።

ጋርድ (ሄደሩ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክለውን አጥር) መርሳት። ኢንክሉድ ምንም ምትሃት የለውም፤ የፋይሉን ጽሑፍ ገልብጦ እዚያው መለጠፍ ነው። ስትራክት (የዳታ ዓይነት ፍቺ) ያለበት ሄደር አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በሌላ ሄደር በኩል ከገባ ሁለቴ ተለጠፈ ማለት ነው። ኮምፓይለሩ ይጮሃል። ወይ በኢፍንዴፍ («ካልተገለጸ» በሚል ትእዛዝ) እጠሩት፣ ወይ አናቱ ላይ «ፕራግማ ዋንስ» በሉ። የኋለኛው ስታንዳርድ ባይሆንም ጂሲሲም፣ ክላንግም፣ የማይክሮሶፍቱም ኮምፓይለር ያውቁታል።

ጋርዱን ከልክ በላይ ማመን ደግሞ ይብሳል። እኔም ስንት ሌሊት አጥፍቼበታለሁ። ሰው ጋርድ አደረግሁ ብሎ የፋንክሽኑን ሙሉ አካል ሄደር ውስጥ ይጽፋል። ሁለት ሲፒፒ (የኮድ) ፋይሎች ይጠሩታል። ኮምፓይለሩ ዝም፤ ሊንከሩ (ኮምፓይል የተደረጉትን የሚያገጣጥመው) ነው «ሁለት ቦታ አገኘሁት» ብሎ የሚያስቆመው። ጋርዱ የሚሠራው አንድ ሲፒፒ ኮምፓይል እስኪደረግ ድረስ ብቻ ነዋ! ለቀጣዩ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ሄደሩ ላይ ዲክላሬሽኑን (ያለ አካሉ፣ ራስጌውን ብቻ) ተዉ፣ አካሉን ወደ ሲፒፒው ውሰዱ። ወይ ኢንላይን በሉት፤ ያኔ ሊንከሩ ድግግሞሹን ይቀበላል። ሲፒፒውን ራሱን ኢንክሉድ ማድረግማ ያንኑ ጣጣ በሌላ በር ማስገባት ነው።

ልጁ «መለጠፍ ነው» ማለቴን አላመነም። ኮዱን በጂ ፕላስ ፕላስ፣ ከ«ዳሽ ትልቁ ኢ» ጋር አስኬድነው፤ ይህ ከፕሪፕሮሰሰሩ (ኢንክሉዶቹን ከሚለጥፈው ክፍል) በኋላ የሚወጣውን ያሳያል። አሥር መስመር የማይሞላው ኮድ ከአሥር ሺህ በላይ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አለኝ።